ሞተር ገዳይ የተባለው ሌላ ሰው ነበር

ባለፈው ሳምንት ከሁሉቃ ድልድይ ወደ ላይ በእግሬ ስወጣ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ደረሰ። ከኋላ ሦስት ሰው፣ ከሾፌሩ ጎን አንድ ሰው፣ ከእግራቸው ሥር ደግሞ አንድ ጆንያ ድንች ጭኗል። ሾፌሩ ማርሹን ሳይቀንስ ዳገቱን ሊወጣ ይታገላል። ሞተሩ «ዱግ... ዱግ... ዱግ...» እያለ ያቃስታል። እኔ ይህን ድምፅ ሰምቼ ማለፍ አልችልም። «ማርሽ ቀንስ! ቀንስ እንጂ አንተ!» ብዬ ከመንገዱ ዳር ጮኽኩ። ሾፌሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየኝና ሳቀ። «እሺ ጋሼ ታደሰ! ሞተር መግደልማ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል!» ተሳፋሪዎቹም ሳቁ። ማርሹን ግን ቀነሰ። ሞተሩ ትንፋሽ አገኘ፤ ፈጠን ብሎ ዞረና ዳገቱን ወጣ።

አልተቆጣሁም። አምቦ ውስጥ «ሞተር ገዳይ» ተብዬ ስጠራ አቤት እላለሁ፤ ስሙ የራሴ ነው። ያስደነገጠኝ፣ ዛሬም ባሰብኩት ቁጥር ወገቤን የሚይዘኝ፣ ይህን ስም ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ተሸክሞት መኖሩ ነው። ያሸከምኩትም እኔ ነኝ። ይህን ያስታወቀኝ ደግሞ ሽማግሌ አይደለም፣ የንስሐ አባቴም አይደሉም። ልጄ ሶሬቲ በኮምፒውተር የምትጫወተው የአውሮፕላን ጦርነት ነው። ጨዋታ እንዲህ ያለ ነገር ያስተምራል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር፣ ልጆቹን የማይቀጣ ሰነፍ አባት ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ያን ጊዜም አሁንም ወፍጮ ቤቴ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ በመስታወት አድርጌ የሰቀልኩት የመጀመሪያው ፈቃድ ላይ ከተማችን «አምቦ» ሳይሆን «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ተጽፋለች። ወጣቶቹ ከቁርጭምጭሚት የሚጠብ ሱሪ የሚለብሱበት፣ ዘፈን ከካሴት ወጥቶ በሚሞሪ የሚጫንበት ዘመን ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ዘፈን ጫኝ አንዱን ዘፈን በአንድ ብር ይጭን ነበር፤ በሩ ላይ የሰቀለው ድምፅ ማጉያ ኦሮምኛውንና አማርኛውን እያፈራረቀ ቀኑን ሙሉ ከሞተሬ ጋር ይፎካከራል። ሻይ ሁለት ብር ነበር። ቦንቦሊኖም እንደዚያው፤ ያውም እንደ ዛሬው ውስጡ አየር ሳይሆን ሊጥ የሞላው፣ አንዱን የበላ ሠራተኛ እስከ ምሳ የማይራብበት። ዛሬ በዚያ ገንዘብ ስኳሩንም አይሰጡህም። ጥግ ላይ ጫማ የሚሰፋው ሰውዬ፣ ከእሱ ቀጥሎ የፕላስቲክ ባልዲና የላስቲክ ጫማ የምትሸጠው ሴት፣ ከእሷ ቀጥሎ ጣሪያው ያዘነበለው ፀጉር ቤት... ሁሉም ዛሬ ፎቅ ሆኗል። እኔ ግን ስሄድ አሁንም በሌሉት በሮች ፊት ሰላምታ ለመስጠት እጄ ይነሳል።

የገጠሩ ሰው ወፍጮን በስም አይጠራም፣ በድምፅ ነው የሚያውቀው። ናፍጣ የሚጠጣ ወፍጮ ሁሉ ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ጣሳ ይደፋበታል፤ ጭሱ ጣሳውን እያነሳ ሲጥለው የሚሰማው ድምፅ ተራራውን አልፎ ይሄዳል። ሴቶች እህላቸውን በአህያ ጭነው ከሩቅ ሲመጡ ያን ድምፅ ሰምተው ነው ወፍጮው መሥራቱን የሚያውቁት። የእኔ ወፍጮ «ቱክ-ቱክ-ቱክ-ቱክ» ይል ነበር፤ ፈጣን፣ ደረቅ፣ እንደ ጎበዝ ልጅ እርምጃ። ከላይ መንደር የምትመጣው አዴ ብርቄ «የታደሰ ወፍጮ ሲጠራኝ ቤት መቀመጥ ያቅተኛል» ትል ነበር። አዴ ብርቄ ምላሷ ስለታም ነው፤ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ ካላስመዘነች አትሄድም። ይህችን ሴት አንባቢ ይያዝልኝ፣ በኋላ ትመለሳለች።

ሞተሩን የሚጠብቀው ኦቦ ገመቹ ነበር። ያኔ በአክብሮት «ኦቦ» አልለውም ነበር። በዕድሜ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ እኔ ግን አሠሪው ስለሆንኩ «ገመቹ!» ብዬ ነበር የምጠራው። ይህንን አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል። ሰማያዊው ቱታው በዱቄት ነጥቶ የሰማዩን ቀለም ከረሳ ቆይቷል። ማንበብ አይችልም። ጆሮው ግን ልዩ ነበር፤ የካቻቢቴውን ብረት ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍንና «ሁለተኛው ፒስተን ላይ ትንሽ ቅሬታ አለ» ይላል። እንደ ሐኪም። እኔ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቆምኩት። ቢሆንም እንግሊዝኛን በመዝገበ ቃላት ብቻዬን ተምሬ የሞተሩን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤአለሁ እያልኩ እኮራ ነበር። ያን መጽሐፍ በላስቲክ ጠቅልዬ ከጸሎት መጽሐፌ ጎን አስቀምጠው ነበር። እንዲህ ያለ ኩራት ከመሃይምነት ይብሳል፤ መሃይም ቢያንስ ይጠይቃል።

ናፍጣ በሰልፍ የሚገኝበት ጊዜ መጣ። ጀሪካን ይዞ ማደር፣ ተራ መጠበቅ፣ ባዶውን ይዞ መመለስ። እኔም አሰብኩ፦ ሞተሩ በዝግታ ቢዞርልኝ ነዳጁ ይበረክታል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ድንጋዩ ግን በዝግታ ከዞረ ዱቄቱ አይልምም፣ ሴቶቹም ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳሉ። ስለዚህ ጉደር ካለ ከተዘጋ ወፍጮ አንድ ትልቅ ፑሌጃ ገዝቼ አመጣሁ፤ ቺንጋው የሚጠመጠምበት የብረት ጎማ ማለት ነው። ትልቁ ፑሌጃ ሞተሩ ላይ ሲገባ ሞተሩ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ድንጋዩ ግን እንደ ድሮው ይፈጥናል። ብልሃቱ እኔኑ ራሴን አስደነቀኝ። ቺንጋው ተገጠመ፣ ጭነት ገባ፣ ሞተሩም «ዱም... ዱም... ዱም...» ማለት ጀመረ።

ገመቹ ካቻቢቴውን ከጆሮው ሳያነሳ «ይሄ ነገር ጥሩ አይደለም» አለኝ።

«ምኑ?»

«እያቃሰተ ነው። ነዳጅ ሙሉ ይጠጣል፣ መሮጥ ግን አልተፈቀደለትም። እግሩን አስረህ ጀርባውን እየገረፍከው ነው።»

«ገቨርነር አለው እኮ። የሚበቃውን ነዳጅ ራሱ ይመጥናል። መጽሐፉ ላይ አለ።»

«እኔ መጽሐፉን አላውቅም። ድምፁን ነው የማውቀው።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ገመቹ» አልኩት። ምሳሌ መናገር እወድ ነበር።

«እንቁላሉ ኩንታል አልተሸከመም» አለኝ።

የቆሙት ሴቶች ሳቁ። እኔ በሠራተኛዬ ፊት የተሳቀብኝ መሰለኝና «አንተ ከማሽኑ ሠሪ ልትበልጥ ነው? ነዳጁን ስጠው ብያለሁ፣ ስጠው!» ብዬ ጮኽኩበት። ሰጠው። በየቀኑ እየሰጠው አንድ ወር ያህል ሄደ። አዴ ብርቄ አንድ ቀን አህያዋን እያሰረች «ታደሰ፣ ወፍጮህ ታመመ እንዴ? ከተራራው ላይ ሆኜ ሌላ ሰው ቤት የሚፈጭ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ሳቅኩባት።

ሞተሩ የተሰበረው እኔ በሌለሁበት ነው። ስመለስ ወፍጮ ቤቱ ፊት ሰው ተሰብስቧል፤ ዘፈን ጫኙ እንኳን ድምፅ ማጉያውን አጥፍቷል። ፒስተኑን የሚይዘው ብረት፣ ቢየላ የምንለው፣ ተቆርጦ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጥቷል። ዘይቱ ወለሉ ላይ ከዱቄት ጋር ተቦክቷል። ገመቹ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ እጁን ያያል። ብረቱ ከራሱ በአንድ ክንድ ርቀት ነው ያለፈው። እኔ «ተርፈሃል?» አላልኩትም። የዘይት መለኪያውን መዝዤ አየሁ፤ ደረቅ ነበር። «ዘይት ሳትጨምር ነው ያስነሳኸው! ገደልክብኝ!» አልኩ። ጎኑ የተበሳ ሞተር ዘይቱ ከየት ይኖረዋል? ሕፃን ልጅ የሚጠይቀውን ይህን ጥያቄ እዚያ የቆመ አንድም ሰው አልጠየቀም።

ነገሩ በሽማግሌ ታየ። አራት ሽማግሌዎች በዋርካ ሥር ተቀመጡ። ገመቹ «ዘይት ጠዋት አይቼ ነው ያስነሳሁት። የገደለው ፑሌጃው ነው» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። እኔ ግን መጽሐፌን ከላስቲኩ አውጥቼ ተነሳሁ። ስለ ዘይት የሚናገረውን ገጽ ገልጬ በእንግሊዝኛ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ ከዚያ በኦሮምኛ ተረጎምኩ፦ ዘይት ያልተጨመረበት ሞተር ቢየላው ይቆረጣል። እውነት ነው፣ እንዲህ ይላል። ሽማግሌዎቹ መጽሐፉን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገመቹም መጽሐፉን አየው። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። ካሣ እንዳይከፍል «ምሬዋለሁ» አልኩ፤ ሰዎቹም ደግነቴን አመሰገኑ። ያን ዕለት በሰው ሁሉ ፊት «ሞተር ገዳይ ነህ፣ እግርህ ወፍጮ ቤቴን አይርገጥ» ያልኩት ግን እንደ ምሕረት አልተቆጠረም፤ እንደ ስም ተያዘ። በሳምንት ውስጥ አምቦ በሙሉ «ገመቹ ሞተር ገዳዩ» ይለው ጀመር። አንድም ወፍጮ ቤት አልቀጠረውም። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ወደ ጊንጪ ሄደ።

ከአዲስ አበባ የመጣው ሜካኒክ ሞተሩን ሲጠግን ትልቁን ፑሌጃ አውልቆ ጥግ ላይ ጣለውና ትንሹን መለሰ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ለምን አልጠየቅሁም? ይህንን ጥያቄ ለራሴ ብዙ ጊዜ አቅርቤአለሁ፤ መልሱን ስለማውቀው ይመስለኛል።

ዓመታት አለፉ። መንገድ የሚዘጋበት፣ የሚከፈትበት፣ ኔትወርክ ለወራት የሚጠፋበት ጊዜ መጣ። በመጨረሻም በሽታው መጣና ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ፤ ሰው አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ በክርን ሰላም ይባባል ነበር። ሶሬቲ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነች። ከትምህርቷ እንዳትርቅ ብዬ ጤፍ ሸጬ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁላት። አንድ ከሰዓት በኋላ ለምሳ ወደ ቤት ብገባ ከጓዳው የመትረየስ ድምፅ ይሰማል።  በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ድምፅ ቤት ውስጥ የሚያስቅ አልነበረም። በሩን በረገድኩት። ልጄ፣ ጨዋዋ ልጄ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አንድ የድሮ የፈረንጅ ጦር አውሮፕላን ባሕር ላይ እያበረረች በሌላው ላይ ትተኩሳለች።

«ሶሬቲ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ጨዋታ ነው አባዬ። ከክፍሌ ልጆች በፍላሽ የመጣ።»

«ማን ላይ ነው የምትተኩሺው?»

«ሰው ላይ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ላይ? ጤፌን የሸጥኩለት ላይ?»

ሳቋን አፈነች። ጦርነት መጫወቻ አይደለም፤ ይህን ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም አልለወጥኩም። ገመዱን ልነቅል እጄን ዘረጋሁ። በዚያች ቅጽበት የአውሮፕላኑ ሞተር ተንኳኳ፣ ጨሰ፣ መስታወቱ በዘይት ጠቆረ፣ ቆመ። ምን ልበላችሁ፣ ሞተር ፊቴ ሲሞት እጄ ገመድ መንቀል ረሳ። «ምን አድርገሽው ነው?» አልኩ።

«አላውቅም እኮ! ሁልጊዜ እንዲህ ይሆንብኛል። ሁለት እጀታ አለው። አንዱ የነዳጁ ነው። ይሄኛው ግን የፕሮፔለሩ፣ የፊተኛው ማራገቢያ፣ ፍጥነት ይላል። አንድ ሞተር ሁለት እጀታ ምን ያደርግለታል?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሞተር አውቃለሁ አይደል? «ይሄ ሁለተኛው ነዳጅ መቆጠቢያ ነው» አልኳት፣ ሳላውቅ፣ በሙሉ ልብ። «እሱን ዝቅ አድርጊው፣ ሞተሩ በዝግታ ይዙር። የነዳጁን ደግሞ እስከ ጫፍ ስጪው።» እንዳልኳት አደረገች። አውሮፕላኑ ተነሣ፣ ጠላት አሳደደ፣ ሞተሩም ፈነዳ። ደግመን ሞከርን። ፈነዳ። ሦስተኛውን ጊዜ ባሕር ውስጥ ስንገባ ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ አሁንስ አንተ ነህ የገደልከኝ» አለች።

«ጨዋታው ውሸት ነው» አልኩ።

«መጽሐፍ አለው» አለች። ከጨዋታው ጋር የመጣ የእንግሊዝኛ መመሪያ ነው፣ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ። መጽሐፍ ሲባል ክብሬ ተነካ። መዝገበ ቃላቴን አወጣሁ። አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ከልጄ ጋር ተቀምጬ ቃል በቃል አነበብነው። እኔ የዘለልኩትን እሷ አታስዘልለኝም። «ይቺን አለፍካት» ትላለች።

የገባን ይህ ነው። የመጀመሪያው እጀታ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚመገብ ይወስናል። ሁለተኛው ሞተሩ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚዞር ያዛል፤ የሚያዘውም የፕሮፔለሩን ስለቶች ጋደም ወይም ቀና እያደረገ ነው። ስለቶቹ ተጋድመው ሲቆሙ አየሩን በትንሽ በትንሹ ይቆርሳሉ፣ ሞተሩም ቀሎት ይፈጥናል። ስለቶቹ ቀና ሲሉ ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ትልቅ ጉርሻ ይወስዳሉ፤ ትልቅ ጉርሻ የጎረሰ ዝግ ብሎ ነው የሚያኝከው። ዝግ ብሎ መሄድ በራሱ ክፋት የለውም፤ ሩቅ መንገድ በእርጋታ ለሚሄድ መልካም ነው፣ ነዳጅም ይቆጥባል፣ ግን የመጀመሪያው እጀታም አብሮ ዝቅ ሲል ብቻ ነው። በትልቅ ጉርሻ ላይ ሌላ እየጨመርክ ጀርባውን ብትመታው ይታነቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው። ኃይል የሚጨምር ሰው አስቀድሞ ፍጥነቱን ይፈቅዳል፣ ከዚያ ነዳጁን ይሰጣል። የሚቀንስ ሰው አስቀድሞ ነዳጁን ይቀንሳል፣ ከዚያ ፍጥነቱን።

«እስቲ እያወቅሽ አበላሺው፣ ድምፁን ልስማው» አልኳት። የፕሮፔለሩን ዝቅ፣ የነዳጁን እስከ ጫፍ አደረገች። ከትንሿ ድምፅ ማጉያ «ዱም... ዱም... ዱም...» የሚል ከባድ ድምፅ ወጣ። ሶሬቲ ጣቷን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

«አባዬ... ይሄ የድሮው የወፍጯችን ድምፅ አይደል? ምሳ ሳመጣልህ የነበረው? ኦቦ ገመቹ ከመሄዱ በፊት?»

ያን ጊዜ አሥር ዓመት አልሞላትም ነበር። ልጅ ሆና የሰማችውን አልረሳችም።   ተነሥቼ ከጸሎት መጽሐፌ ጎን የሞተሩን መጽሐፍ አወረድኩ፣ ላስቲኩን ፈታሁ። በሽማግሌዎቹ ፊት ያነበብኩት የዘይቱ ገጽ በእጄ ላብ ወይቧል። ከእሱ ማዶ ያለውን ገጽ ገለጥኩ። እዚያ ነበር፦ ይህን ሞተር ሙሉ ጭነት አሸክመህ ከተመደበለት ፍጥነት በታች አታሠራው፣ የፑሌጃውንም መጠን አትለውጥ፣ ቢየላው ይቆረጣል ይላል። ይህም አይደለም ያስደነገጠኝ። ከአረፍተ ነገሩ ጎን በእርሳስ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ አንድ የጥያቄ ምልክት ነበር። ቃላቱ ከብደውኝ፣ መዝገበ ቃላቱን መግለጥ ታክቶኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ያለፍኩት ነው። አለማወቄን አውቅ ነበር ማለት ነው። ያንን ምልክት ይዤ ነው በሰው ላይ የፈረድኩት። ሶሬቲ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። ኮምፒውተሩን አጠፋችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጊንጪ የሄድኩት በሳምንቱ ነው። ሚኒባሱ ግማሽ ሰው ብቻ ጭኖ ዋጋውን እጥፍ ያስከፍል ነበር። ኦቦ ገመቹን ያገኘሁት ከአንድ ስንዴ መጋዘን በር ላይ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ኩንታል በጀርባው ተሸክሞ ወደ አይሱዙ ላይ ይወጣል። ካወረደ በኋላ ቀረብኩ።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ ገመቹ?»

ላቡን በክንዱ ጠርጎ አየኝ። «ዛሬ ኦቦ ሆንኩ?» አለ።

ነገርኩት። ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ ሁለቱ እጀታዎች፣ ስለ ጥያቄ ምልክቱ። አልደበቅኩም። እሱ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ። ስጨርስ ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ አልኩ፤ ትከሻዬን ይዞ አቆመኝ።

«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? እኔ እኮ ዱሮም አውቀዋለሁ። ፑሌጃው ነው ብዬህ ነበር።»

«ብለኸኛል።»

«ትልቋን ልጄን ሊያጩ ሽማግሌ ሲልኩ፣ እዚህ ጊንጪ ድረስ፣ ደጄ ላይ ቆመው ምን እንዳሉ ታውቃለህ? "የሞተር ገዳዩ ቤት ይሄ ነው?" አሉ። ልጅቷ በር ከፍታ "አዎ፣ ይሄ ነው" አለቻቸው። ሌላ ምን ትበል?»  ከዚያ በጣቱ ወደ አምቦ አመለከተ። «ስሙን ያወጣኸው እዚያ ነው፣ ሰው በሞላበት። እዚያው ሄደህ ውሰደው። በገበያ ቀን፣ እኔም ባለሁበት።»

እሺ አልኩ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ መውጫ እፈልግ ነበር። ከፈለግሁ ለሽማግሌዎቹ ብቻ ነግሬ ላልፈው እችል ነበር፤ ከአራቱ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ ጆሮው አይሰማም። ግን ልጄ እያየችኝ ነው። ለልጆቼ እውነት ተናገሩ እያልኩ አለንጋ ያነሳሁ ሰው ነኝ።

በገበያው ቀን ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሴቶቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ አህዮቹ መንገዱን ዘግተዋል። ኦቦ ገመቹ ንጹሕ ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ አየው። አንዷ «ሞተር ገዳዩ መጣ» ስትል ሰማሁ። ሶሬቲ ሚዛኑ አጠገብ ነበረች። እኔ የሚዛኑ ሰሌዳ ላይ ወጣሁና «ስሙኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ሞተሩ ድምፄን በላው። ደግሜ ጮኽኩ። ማንም አልሰማኝም። ከሁሉም ነገር ይህ ነው የከበደኝ፤ ስም ልመልስ ስጮኽ ማንም አይሰማኝም፣ ስም ሳጠፋ ግን ከተማው ሁሉ ሰምቶኝ ነበር።

ኦቦ ገመቹ ባርኔጣውን ለሶሬቲ ሰጣትና ወደ ውስጥ ገባ። ስድስት ዓመት እግሩ ያልረገጠውን ቤት ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። አስቀድሞ እህሉ የሚወርድበትን አፍ ዘጋ። ድንጋዩ ባዶውን እስኪሆን ጠበቀ። ከዚያ ነዳጁን ቀነሰ፣ ቀስ እያለ፤ ሞተሩ ዝግ አለ፣ ጣሳው አንድ ሁለቴ ተነሥቶ ወደቀ፣ ቆመ። ፍጹም ጸጥታ። አህያ ጆሮዋን ስታራግፍ ይሰማል።

«አሁን ተናገር» አለኝ።

ተናገርኩ። ሞተሩን የገደልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ነገረኝ፣ አልሰማሁትም አልኩ። መጽሐፉን ገልጬ የጥያቄ ምልክቱን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ስሙ የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው አልኩ።  ማንም አልጮኸም፣ ማንም አላለቀሰም። አዴ ብርቄ ብቻ ከጆንያዋ ላይ ሳትነሣ «ለዚህ ነው ወፍጮውን ያቆማችሁት?» አለች። «እኛማ ያኔውኑ እናውቅ ነበር። ከተራራው ላይ ሆነን ሰምተነዋል። ፑሌጃው ከገባ ወዲህ ነው የታመመው።»

 «ታዲያ አዴ ብርቄ፣ ለምን አልተናገራችሁም? ሽማግሌዎቹ ፊት?»

«ማሎ! ምን ብለን እንናገር?» አለች። «አንተ መጽሐፍ ይዘህ ነበራ!»

ያን ቀን እዚያ ሚዛን ላይ ቆሜ የደነገጥኩትን ያህል በሕይወቴ ደንግጬ አላውቅም። የገመቹን አንደበት ብቻ የዘጋሁ መስሎኝ ነበር፤ የከተማውን ሁሉ አንደበት ነበር የዘጋሁት፣ በትክክል ባላነበብኩት መጽሐፍ። ቀና ብዬ ብመለከት ኦቦ ገመቹ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ሲስቅ ነው። ሶሬቲ ባርኔጣውን በሁለት እጇ መለሰችለት። እሱም ራሱ ላይ ደፋው።

አዴ ብርቄ ጆንያዋን ወደ ሚዛኑ ጎተተች። «በል እንግዲህ፣ ሞተር ገዳይ» አለች፤ ወደ እሱ አይደለም፣ ወደ እኔ እያየች። «ወረድ በልና ጤፌን ፍጭልኝ፣ ፀሐይ ሄደብኝ።»

«አቤት» አልኩና ወረድኩ።